በነሐሴ ባሌ ተራሮች፦ ለሁለት እህትማማቾች ምክር እንፈልጋለን

ጥያቄ፦ የሳሪስ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ነው የምትሠራው። የዓመት ፈቃድ የሚሰጧት ሙቀቱ ሲብስና እንግዳ ሲቀንስ ነው። ዘንድሮም ነሐሴ 18 ትገባለች። ምን እንዲደረግላት እንደምትፈልግ በስልክ ጠየቅኳት። «ማንም ስሜን የማይጠራበት ቦታ ውሰጂኝ» አለችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠራ ነው የኖረችው።

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ትዝ አለኝ። አምስት ስድስት ቀን በእግር እየሄድን፣ ሰው ሳይበዛብን። ግን ያማከርኩት ሁሉ «በክረምት? አብደሻል? ኅዳርን ጠብቂ» ነው የሚለኝ። ኅዳር ላይ እሷ የለችም።

ዝናቡ ጭራሽ አያስወጣም? ድንኳን የለንም፤ ቤት ውስጥ እያደርን ቀን ቀን መሄድ ይቻላል? እህቴ ከባሕር ዳርቻ ነው የምትመጣው፣ ከፍታው ይጎዳት ይሆን? መኪና የለንም። ሁለታችንም ሴቶች ነን፣ ሌላ አብሮን የሚሄድ የለም። ቀይ ቀበሮ ማየት ደግሞ የልጅነት ምኞቷ ነው፤ በዚህ ወቅት ይታያል? የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ጎባ ሰፈሬ

እንኳን ባሌን አሰብሽ እህቴ። ተወልጄ ያደግኩት ጎባ ነው። አሁን አዲስ አበባ ብኖርም ክረምት ክረምት ቤተሰብ ጋ እሄዳለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ። ተራሮቹ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ነው። ነሐሴ ከከባዶቹ ወሮች አንዱ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ቀኑን ሙሉ አይዘንብም። ጠዋት ይገለጣል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ደመናው በሐረና ጫካ በኩል እየተጠቀለለ ይወጣል። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም በረዶ ይመጣል። ስለዚህ ሰዓታችሁን ቀይሩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መንገድ ጀምሩ። ሰባት ሰዓት ላይ ጣራ ሥር ሁኑ። ከሰዓት በኋላውን ለሻይና ለጨዋታ ተዉት።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ሌሊቱ በክረምት ከበጋው ይሻላል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የቀኑ ሙቀት ሁሉ ይበንናል። የፓርኩ ከፍተኛው ሜዳ፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ድረስ ወርዶ ያውቃል። በክረምት ደመናው ይሸፍነዋል። በነሐሴ ጠላታችሁ እርጥበቱ ነው፤ ብርዱን ደረቅ ልብስ ያለው ሰው ይችለዋል።

ማደሪያችሁን ዲንሾ አድርጉ። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ ማደሪያም ይገኛል። ግቢው ራሱ የጥድና የኮሶ ጫካ ነው። የደጋ አጋዘን፣ የምኒልክ ድኩላ፣ ከርከሮ፣ ሁሉም ሰው ለምደው በቅርብ ይግጣሉ። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ሳይንቲስቶች እንኳ ያወቁት በቅርቡ፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። እሱን ለማየት ተራራ መውጣት አያስፈልጋችሁም፤ ጠዋት በሩን ከፍታችሁ መቆም ይበቃል። ከዲንሾ በፊት አስፋልቱ የሚያቋርጠው የጋይሳይ ሜዳም አለ። እዚያ በመንጋ ታዩታላችሁ።

አስጎብኚ ግዴታ ነው። እዚያው ዲንሾ ከአካባቢው ልጆች ማኅበር ይመደብላችኋል። የመግቢያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፤ የአስጎብኚውና የፈረሱ ለብቻ ነው። ዋጋው ስለሚቀያየር አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ።

መልስ፦ እንጦጦ ወጪ

እኔ አትሂዱ ባይ ነኝ። ይቅርታ፣ ግን ደርሶብኛል። በሐምሌ ከጓደኞቼ ጋር የአራት ቀን ጉዞ ወጣን፣ ድንኳን ይዘን። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ድንኳኑ ከሥር ውሃ አስገባ። የመኝታ ከረጢቱ ራሰ። ፈረሶቹ ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ አንዱ ጭነቱን ጣለ። በሦስተኛው ቀን ተመለስን። ያየሁት ጉም ነው። ለሽርሽር የምትመጣ ልጅ እንዲህ አይነት ነገር አይገባትም። ወንጪ ውሰጃት፤ ቅርብ ነው፣ ካልተመቻችሁ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ።

መልስ፦ ጎባ ሰፈሬ

ወንድሜ ያልከው ሁሉ ልክ ነው። ለዚህ ነው ድንኳኑን ተዉት የምለው። በበጋ ከዲንሾ ተነስቶ በዌብ ሸለቆ አድርጎ ሳነቴ ላይ የሚያልፈው የብዙ ቀን ጉዞ እጅግ ደስ ይላል። በነሐሴ ግን ረግረጉ ጉልበት ይጨርሳል፤ ከራሰህ በኋላ የምትደርቅበት ቦታ የለህም። እነሱ ማታ ማታ አልጋ ላይ ካደሩ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ቀን ቢበላሽ ነገን ይጠብቃሉ።

ለዚህም ነው አምስት ቀን አነሰ የምልሽ የሳሪስ ልጅ። ሰባት አድርጊው። ሁለቱን ቀን ለዝናቡ ስጪው።

መልስ፦ ሲስተር

ነርስ ነኝ። ስለ ከፍታው እኔ ልበል።

ዱባይ ከባሕር ጠለል ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ነው። ዲንሾ ወደ 3,100። ሳነቴ 4,000 ያልፋል፤ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እህትሽ ከአውሮፕላን ወርዳ በማግስቱ እዚያ ብትወጣ ትታመማለች። ስለዚህ በደረጃ አድርጉት። አዲስ አበባ ሦስት አራት ቀን ትቆይ፤ ቤተሰብም ይጠግባታል። ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ በቀስታ ተራመዱ። ሳነቴ የምትወጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ደርሶ መልስ። ከፍ ብላችሁ ዋሉ፣ ዝቅ ብላችሁ እደሩ።

ቀለል ያለ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። ውሃ ጠጡ፣ ዕረፉ። አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን አይነካ። ራስ ምታቱ እየባሰ፣ ማስመለስ ከጨመረበት መውጣቱን አቁሙ። ተቀምጣ እያለች ትንፋሽ ካጠራት፣ ሳል ከያዛት ወይም ስትራመድ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደች፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ታች ይዘሻት ውረጂ። «ነጋ አልነጋ» የለም።

አሲታዞላማይድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ። ለሁሉም አይሆንም፤ በተለይ የሰልፋ አለርጂ ካለባት። ሐኪም ሳታማክር እንዳትወስድ። አስም፣ የልብ ችግር ወይም እርግዝና ካለም አስቀድማችሁ ተመርመሩ።

መልስ፦ ቆሎ በኪሴ

እኔና ጓደኛዬ ሁለት ሴቶች ሆነን ሄደናል፣ በጳጉሜን። አስጎብኚያችን የዲንሾ ልጅ ነበር። አንድም ቀን ያሳፈረን ወይም ያስፈራን ነገር አልገጠመንም። ሰዉ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ለሰላምታ «አካም»፣ ለምስጋና «ገለቶማ» ብትሉ ፊቱ ይበራል። ቀኑ ሳይመሽ መግባት፣ ያለ አስጎብኚ ከመንደር አለመራቅ፣ ማደሪያችሁን ለቤተሰብ መንገር፤ የትም እንደምታደርጉት ነው።

መንገዱ ግን በደንብ ይጠየቅ። ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ዲንሾ ወይም ሮቤ ላለ ሰው ደውላችሁ ጸጥታው እንዴት እንደሆነ አጣሩ። አውቶቡስ በማለዳ ከመናኸሪያ ይነሳል። በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ዲንሾ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ትኬቱን እስከ ሮቤ ነው የሚቆርጡላችሁ፤ ዲንሾ ግን ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀድማል። ረዳቱን ቀድማችሁ «ዲንሾ ወራጅ ነን» በሉት። እኛ ተኝተን አልፈናት በባጃጅና በሚኒባስ ተመልሰናል። በአውሮፕላን ከሆነ ወደ ሮቤ በረራ አለ።

አሁን ዕቃ። በዚህ ላይ አልደራደርም። የላስቲክ ቦቲ ግዙ፣ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን። ውድ የተራራ ጫማ በሣሩ ውሃ በአንድ ሰዓት ይርሳል፤ ቦቲ አይርስም። ግማሽ ቁጥር ሰፋ ይበል፣ ሁለት የሱፍ ካልሲ እንዲገባበት። ሙሉ የዝናብ ልብስ፣ ሱሪውም ጭምር። ወፍራም ጃኬት ከሰልባጅ በርካሽ ታገኛላችሁ። ጋቢ ለማታ፣ ቤት ውስጥ ብቻ። ጋቢ አንዴ ከራሰ ድንጋይ ነው፣ ሁለት ቀንም አይደርቅም። ጂንስም እንደዚያው፣ እቤት ይቅር። ልብሱን ሁሉ በፌስታል ጠቅልላችሁ ነው ቦርሳ ውስጥ የምታስገቡት። አንድ ሙሉ ቅያሪ ደግሞ ምንም ቢመጣ የማይነካ ይሁን፤ ማታ የምትለብሱት እሱን ነው።

ስንቅ፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ፍልሰታ ነሐሴ 16 ስለሚፈታ ጭኮም መያዝ ትችላላችሁ። በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ብርድ ላይ እንደሚይዝ የሚይዝ ነገር አላየሁም። የወንዙን ውሃ ሳታፈሉ ወይም ውሃ አጋር ሳትጨምሩ አትጠጡ፤ ከብት የሚውልበት ነው።

መልስ፦ አሮጌው መንገደኛ

ልጆቼ፣ ስለ ቀይ ቀበሮ የመለሰ ስላላየሁ ነው።

በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በክረምትም እዚያው ናቸው፤ የሚሄዱበት ሌላ ቤት የላቸውም። ሲያድሩ ቤተሰብ ሆነው ነው፣ ሲያድኑ ለየብቻ ነው፣ የሚያድኑትም በቀን ነው። ምግባቸው አይጥና ፍልፈል ነው። ትልቁ የባሌ ፍልፈል ክብደቱ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ እሱም ባሌ ብቻ ነው ያለው። ዝናብ ሲወርድ ጉድጓዱ ይገባል። ፀሐይ ብቅ ስትል ሣር ለመሰብሰብ ይወጣል። ቀበሮውም የሚመጣው ያኔ ነው። ስለዚህ በክረምት ቀኑን ሙሉ አትፈልጉት። ዝናብ አባርቶ ፀሐይ የወጣችበትን ግማሽ ሰዓት አትልቀቁ።

ጥሩው ቦታ ሳነቴ ነው። ከጎባ ተነስቶ አምባውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርድ የመኪና መንገድ አለ። ጎባ ላይ መኪና ተከራይታችሁ በማለዳ ውጡ። በየመሃሉ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ። ከመኪናው ሳትወርዱ የምታዩትም ሊሆን ይችላል። ወደ ሐረና የሚወርደውን ጠመዝማዛ ግን በዚህ ወቅት አልመክርም፤ ጭቃው አያስተማምንም።

አትጥሩት፣ አታብሉት። ውሻ የያዘ ሰው ካያችሁ አብራችሁ አትሂዱ። ቀበሮዎቹን በጅምላ የጨረሰው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ። የአገሬው ሰው በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ልትወልድ የደረሰችን ባዝራ እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚጠብቅ ነው ይላሉ።

አንድ ቀን ደግሞ ለዌብ ወንዝ ስጡ። ከዲንሾ ደርሶ መልስ የዌብ ገደልን ማየት ይቻላል። ራቅ ብሎ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ፏፏቴ አለ። እዚያ አካባቢ ካለ የድንጋይ መጠለያ ውስጥ አጥኚዎች የጥንት ሰው ማደሪያ አግኝተዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ነው ይፋ ያደረጉት። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት፣ በ3,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ተራራው ጫፍ ላይ የበረዶ ግግር በነበረበት ዘመን ሰው ኖሮበታል። የሚበላው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ያንኑ ፍልፈል፣ ጠብሶ። እኔ ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፍልፈል ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ሶፍ ኡመር ዋሻን ለዚህ ጉዞ ተዉት። ዋሻውን የሚያቋርጠው ያው ዌብ ወንዝ ነው። በክረምት ሲሞላ መግባት አደጋ ነው።

የሳሪስ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እንጦጦ ወጪ፣ ስለ ድንኳኑ የነገርከኝ ነው ያዳነን። ሰባት ቀን አድርጌዋለሁ። ቦቲ ዛሬ መርካቶ ገዛሁ፣ 38 እና 40 ቁጥር። ስንመለስ እጽፋለሁ።

የሳሪስ ልጅ (ጳጉሜን 4)

ተመልሰናል። ቃሌን ልጠብቅ።

በአውቶቡስ ነው የሄድነው። ጋይሳይ ላይ ስንደርስ እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ያየው ማንም የለም፤ ሁሉም ተኝቷል።

በሁለተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዘነበ። ጎባ ሰፈሬ፣ «ሁለቱን ቀን ለዝናቡ ስጪው» ያልከው ገባኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እበሳጭ ነበር። ከሰል አቀጣጥለን ቡና አፈላን። እህቴ በመስኮት ከርከሮዎቹ ተንበርክከው ሣር ሲግጡ እያየች ዋለች። ስልኳን የት እንዳስቀመጠችው እንኳ አላስታወሰችም።

ሲስተር፣ የመጀመሪያው ሌሊት ራሷን አሟት ነበር። ውሃ ጠጥታ ተኛች፣ በማግስቱ ተዋት። ዌብ ገደል የሄድነው በአራተኛው ቀን ነው። መንገዱ ከሞላ ጎደል ረግረግ ነው። አስጎብኚያችን ሣሩ የት እንደሚሸከም፣ የት እንደሚውጥ በዓይኑ ብቻ ያውቃል። እግሩን የሚያሳርፍበት ላይ እያሳረፍን ሄድን። ስምንት ሰዓት ላይ በረዶው ያዘን። ቦቲው ውሃ አላስገባም፤ ጃኬቴ ግን አስገባ። ሰልባጅ ስትገዙ ውሃ አፍስሳችሁ ሞክሩት።

ሳነቴ የወጣነው በስድስተኛው ቀን ነው። ከጎባ መኪና ከሌሎች ሁለት መንገደኞች ጋር ተጋራን። የአስታ ቁጥቋጦውን ስናልፍ ጉሙ ከታች ቀረ። ከዚያ በኋላ ጅብራና ድንጋይ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ምንም አላየንም። ዝናብ መጣ፣ መኪና ውስጥ ገባን። ሲያባራ አስጎብኚው «አሁን» አለ።

ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ አንድ ፍልፈል ጭንቅላቱን አወጣ። ሣር ነጨ፣ ገባ። ደግሞ ወጣ። አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ቆማለች። ቀበሮውን ያየነው ሲንቀሳቀስ ነው፤ ከዚያ በፊት አፈር መስሎን ነበር። ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ጆሮውን ወደፊት አድርጎ፣ አንድ እግር አነሳና አየር ላይ እንዳለ ተወው። ከፀጉሩ ጫፍ ውሃ ሲንጠባጠብ ይታየኛል። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየ። ከዚያ ዘሎ አፍንጫውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ። ሳተው። አፈሩን ሁለቴ በእግሩ ጫር ጫር አደረገና ቀስ ብሎ ሄደ፤ ወደ እኛ ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

እህቴ እያለቀሰች ነበር። ምን ሆንሽ አላልኳትም።

ለሚቀጥለው ሰው፦ ከሰዓት በኋላውን ለመሙላት ካርታ ወይም መጽሐፍ ያዙ። የእጅ ባትሪ አትርሱ፣ መብራት ይጠፋል። ከሰል ዲንሾ ገበያ አለ፤ ቤት ውስጥ ስታቀጣጥሉ መስኮት ክፈቱ። ቦቲዎቹን እዚያው ዲንሾ ለአስጎብኚያችን ትተንለታል። ታጥበው በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጣሉ። 38 ወይም 40 ቁጥር የሆነች ሴት በክረምት ከሄደች ጠይቃ ትዋሳቸው።